ከአንተ እንጀምራ!

ከአዲስ አበባ ስነሳ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ ጭኜ ነበር። ርዕሱ «ዛሬውኑ ከቤትዎ አውጥተው መጣል ያለብዎት ዕቃዎች» ይላል። ነጭ የለበሰች ሴት ነጭ ክፍል ውስጥ ቆማ ማንኪያውን፣ ፎጣውን፣ ክዳኑ የጠፋውን ዕቃ፣ ዕቃው የጠፋውን ክዳን እያነሳች ከረጢት ውስጥ ትሸኛለች። ፊቷ ላይ ንስሐ ገብቶ የወጣ ሰው ሰላም አለ። ሦስት ጊዜ አየሁት። በሦስተኛው አክስቴ ትዝ አለችኝ።

አክስቴ የምትኖረው እንጅባራ ነው። የእህትና የወንድም ልጆቿ ሁላችንም «እቴቴ» ነው የምንላት። ቤቷ ሦስት ክፍል፣ ዕቃዋ የስድስት ክፍል ነው። ለአገው ፈረሰኞች በዓል፣ ለጥር 23፣ መሄዴ ስለማይቀር በዚያው ቤቷን ከኮተት ነጻ ላወጣው ወሰንኩ። ነጻ አውጪ መቼም ሳይጠሩት ነው የሚመጣው።

ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ጀመርኩ።

«እቴቴ፣ ሕጉ ቀላል ነው። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተነካ ዕቃ ይጣላል።»

ስኒውን እያለቀለቀች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ «አንተ እዚህ ቤት የመጣኸው መቼ ነበር?» አለችኝ።

«ሁለት ዓመት... ከምናምን።»

«እንግዲያስ ከአንተ እንጀምራ!»

ቡና የሚጠጡት ጎረቤቶች በሳቅ ፈነዱ። አንደኛዋ በአዊኛ የሆነ ነገር ጨመረችና ሳቁ እንደገና ተነሳ። ምን እንዳለች ስጠይቅ «ብርድ ነው አለች» ተባልኩ። የእንጅባራን ብርድ አውቀዋለሁ፤ እንዲህ አያስቅም።

እዚያ አገር ተረብ መልስ ካላገኘ ተራህ አለፈ ማለት ነው። እኔም ለመመለስ ሞከርኩ። «አሮጌው ካልወጣ አዲሱ አይገባም» አልኩ፣ ከቪዲዮው የተማርኩትን። «አንድ ስታስገቢ አንድ ታስወጫለሽ።»

«አንተ ሚስት ስታስገባ እናትህን አስወጣህ?»

«እሱ ሌላ ነው...»

«ምኑ ሌላ ነው? አንድ ገባ፣ አንድ አልወጣም። ኧረ ተወኝ! ይቺ ከተማ ራሷ እንጅባራ ተብላ ስንት ዘመኗ፤ ሰው ዛሬም ኮሶበር ይላታል። ከተማዋ አሮጌ ስሟን ሳትጥል እኔ ድስት ልጥል?»

ቡናው በረካ ላይ ደረሰ። እኔም ደረሰኝ።

በነገራችን ላይ «ኮተት» የሚባል ዕቃ በዓለም ላይ የለም። የራስ ሲሆን ዕቃ ነው፣ የመንግሥት ሲሆን ንብረት ነው፣ የሟች ሲሆን ውርስ ነው። ኮተት የሚሆነው የጎረቤት ሲሆን ብቻ ነው። ይህን ያወቅኩት ዘግይቼ ነው፤ ያን ቀን ግን ገና አላወቅኩም ነበርና ቀጠልኩ።

ማሪ ኮንዶ የምትባል ጃፓናዊት አለች። ስለ ቤት ማስተካከል ያወጣችው መጽሐፍ ዓለምን ዞሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኔትፍሊክስ የራሷን ዝግጅት ከፈተላት። ትምህርቷ አጭር ናት፦ ዕቃውን በእጅህ ያዝ፣ ደስታ ከሰጠህ አስቀምጥ፣ ካልሰጠህ አመስግነህ ሸኝ። ማድቤት ገባሁና ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን፣ ጠርዙ የተሸረፈውን ምጣድ አንስቼ እቴቴን አስያዝኳት።

«ጠበቅ አድርገሽ ያዢው። አሁን ልብሽን ጠይቂው። ደስታ ይሰጥሻል?»

ምጣዱን አየችው። እኔን አየችኝ። «ምጣድ የሚሰጥ እንጀራ ነው። ደስታው ለበላተኛው ነው። ትናንት ማታ አራት ስታነሳ ደስ ብሎህ አልነበር?»

እዚህ ላይ አንድ ስህተት ሠራሁ። ማሪ ኮንዶ ራሷ እ.ኤ.አ. በ2023፣ ሦስት ልጆች ከወለደች ወዲህ ቤት ማስተካከሉን እንደ ድሮው እንደማትችለውና እንደተወችው መናገሯን ነገርኳት። ለምን እንደነገርኳት እስካሁን አላውቅም፤ ሐቀኛ መምሰል ፈልጌ ይሆናል።

«ይሄን መጀመሪያ አትነግረኝም?» አለች፣ ምጣዱን ወደ ቦታው እየመለሰች። «ምስኪን! ስትወልድ ገባታ። እኔ ስድስት ነው የወለድኩት፤ የገባኝ ድሮ ነው።»

ጃፓን አልሆነም፤ ወደ ስዊድን ዞርኩ። ስዊድኖች ሰው ሳይሞት በፊት፣ በቁሙ፣ ዕቃውን የሚያቀልበት ወግ አላቸው፤ ስሙም «የሞት ጽዳት» እንደ ማለት ነው። ቀሪ ልጆች በወላጅ ኮተት እንዳይቸገሩ ነው አልኳት፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። ነገሩ ከባድ ስለሆነ በአክብሮት ነው ያነሳሁት።

«እኔ ስሞት ዕድሩ ድንኳንና ወንበር ይዞ ይመጣል። ሽሮው የሚሠራው በምንድን ነው? ድስቴን አስጥለህ ለቀስተኛውን ጦሙን ልትሰደው ነው?» አለችና ትንሽ አሰብ አድርጋ ጨመረች፤ «ደግሞ ለቀብሬ በጊዜ እንደማትደርስ አውቃለሁ። ምሳ ላይ ግን ትደርሳለህ።»

ከዚህ በኋላ ቃሉን ትቼ ወደ ሥራው ገባሁ፤ ማለትም አልጋ ስር።

አልጋው ስር ተጣጥፎ፣ ተደራርቦ፣ በሲባጎ የታሰረ የማዳበሪያ ክምር አገኘሁ። አገሬው ጆንያውን ራሱን «ማዳበሪያ» ነው የሚለው፤ ዩሪያው እርሻ ላይ ሲበተን ስሙን ለጆንያው አውርሶ ነው የሄደው። ጎትቼ አውጥቼ ቆጠርኩ። 23 ነበር።

«እቴቴ፣ 23 ባዶ ማዳበሪያ ምን ያደርግልሻል?»

«አዲስ አበባ በምንድን ነው የምታበስሉት?»

«በኤሌክትሪክ።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

ዝም አልኩ።

«በከሰል። ከሰሉ ከየት ይመጣል? ከፋግታ። በምን ታሽጎ? በፌስታል?»

እውነቷን ነው። ከእንጅባራ ወደ ባህር ዳር ስትሄዱ አዲስ ቅዳም ላይ የምታልፉት ፋግታ ለኮማ ወረዳ መሬቱ በዲከረንስ ተሸፍኗል። ዛፉ ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘመድ ነው። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት ችግኙን ከጤፉ ጋር አብሮ ያበቅለዋል፤ አራት አምስት ዓመት ሲሞላው ይቆርጠዋል፣ እዚያው ማሳው ላይ ከሰል ያከስለዋል፣ መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ከሰሉ በዚያው ማዳበሪያ ታጭቆ፣ አፉ በቅጠል ተደፍኖ፣ በገመድ ተሰፍቶ መኪና ላይ ይወጣል። አዲስ አበባ ደጃፋችን ላይ ስንገዛው ከሰሉን እንጂ ማዳበሪያውን አናይም። ከሰሉ ሲያልቅ ማዳበሪያውን እኛ እንጥለዋለን፤ አገሬዎቹ ግን ይህን ሲሰሙ ሰው የሞተ ያህል ይደነግጣሉ።

አንድ ማዳበሪያ በእቴቴ እጅ ስንት ዕድሜ እንደሚኖር ለማየት ጠጋ ብዬ ቁጭ አልኩ። አዲስ ሲሆን እህል ይይዛል። አንዴ ከተበሳ ድንች ይይዛል፤ ድንች በቀዳዳ አይፈስም። ቀዳዳው ሲሰፋ ከሰል። ከዚያ ዝናብ ሲመጣ ለእረኛው ልጅ ይሰጣል፤ አንዱን ጥግ ወደ ውስጥ አጥፎ በሌላው ጥግ ላይ ሲያስገባው ቆብ ያለው ካባ ይወጣዋል፣ ራሱ ላይ ደፍቶ ከብቱን ይከተላል። ገሳ የሚሠራ ሰው በቀነሰበት ዘመን የልጆቹ ገሳ ይሄው ነው። ካባው ሲቀደድ በር ላይ ተነጥፎ የእግር ጭቃ ይቀበላል። ያም ሲበጣጠስ ክሩን እየተረተሩ ይገምዱትና ገመድ ይሆናል፤ ገመዱ ደግሞ ሌሎቹን ማዳበሪያዎች ያስራል። ክምሩ የታሰረበት ሲባጎ መስሎኝ ነበር፤ ጠጋ ብዬ ሳየው የሟቹ ማዳበሪያ ክር ነው።

ነጭ የለበሰችው ሴት ይህን አልነገረችኝም።

ከአልጋው ስር ወጥቼ ወደ መደርደሪያው አለፍኩ። የድልህ ጣሳዎች፣ የዱቄት ወተት ጣሳዎች፣ ሃይላንዶች። ሃይላንድ የአንድ የታሸገ ውኃ ስም ነበር፤ አሁን ኩባንያው ማንም ይሁን ማን ጠርሙሱ ሃይላንድ ነው። እቴቴ ጋ ሃይላንድ ሁሉ ሥራ አለው፦ አንዱ ወተት፣ አንዱ የኑግ ዘይት፣ አንዱ አረቄ። ከፍ ብሎ ለብቻው የተቀመጠው ጠበል ነው፤ ያን በስህተት ሳነሳው ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ጣሳው መስፈሪያ ነው። «አንድ ጣሳ በርበሬ» ስትል ነጋዴዋም ገዢዋም የሚያውቁት ጣሳ አለ፤ ኪሎ ሚዛን መጥቶ ሄዷል፣ ጣሳው ግን አለ።

የፌስታሎቹን ፌስታል የማያውቅ አንባቢ የለም። በር ጀርባ ሚስማር ላይ የተሰቀለ፣ በውስጡ መቶ ፌስታል የያዘ አንድ ያበጠ ፌስታል። እዚህ ላይ ሕግ በእጄ ነበር። «እቴቴ፣ ይሄማ ወንጀልም ነው» አልኳት። «ስስ ፌስታል፣ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነው፣ በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ከተከለከለ ስንት ዓመቱ። በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ፌስታልን ጭራሽ የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል።»

እጇ ላይ የነበረውን ሰፌድ አስቀመጠች። «እውነትህን ነው?»

«እውነቴን ነው።»

«እንግዲያስ ይወደዳል!» አለችና ፌስታሉን ከሚስማሩ አውርዳ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

የአገር ሕግ አውጪ ይህን ቤት ሳያይ ሕግ ማውጣት የለበትም ባይ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን ኮርቻው ጋ ደረስኩ። የባለቤቷ ነው። ጋሼ ካረፉ ሰባት ዓመት ሆናቸው፤ ፈረሱ ከእሳቸው በፊት ተሸጧል። ኮርቻው ግን ከነእርካቡ፣ ከነልጓሙ፣ ከነግላሱ ጓዳ ውስጥ አግዳሚ እንጨት ላይ ተጭኖ ተቀምጧል፤ ፈረሱ ውኃ ሊጠጣ ወጣ ያለ ይመስላል። ቆዳው ቅቤ ተቀብቷል። በቅርቡ የተቀባ ነው፤ ጣቴ ላይ ወጣ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ሁለት ቀን ሙሉ ስሸነፍ ውዬ አድሬ ነበርና አንድ እንኳ ማስጣል ፈለግኩ። «ፈረስ ለሌለው ቤት ኮርቻ ምን ይሠራል?» አልኩ።

«መኪና ለሌለው ሰው መንጃ ፈቃድ ኪሱ ውስጥ ምን ይሠራል?»

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። አንዴም ነድቼ አላውቅም። በየጊዜው ግን አሳድሰዋለሁ፣ ከፍዬ።

ጥር 23 ቀን ሜዳው ላይ ወጣን። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ አባላቱ ዛሬ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በዓሉ አድዋ ላይ የዘመቱትን ፈረሶችና ፈረሰኞች ያስባል፣ ቀኑም የጊዮርጊስ ነው። ግላሱ ቀይ ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ፈረሶቹ ራሳቸው መታየታቸውን ያውቃሉ። አቧራው ውስጥ አንድ የጎረቤት ልጅ ሽምጥ እየጋለበ በፊታችን አለፈ። እቴቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። ሳየው ኮርቻው የጋሼ ነው። በየዓመቱ ታውሰዋለች ለካ። ምንም አላልኩም፤ እሷም ምንም አላለችም። ለመጀመሪያ ጊዜ ዕድሉ እያላት ሳትተርበኝ ቀረች።

ዕረፍቷ እስከ ማታ ብቻ ነበር። ማታ ቡፌው ውስጥ ያሉትን ሰሃኖች ስቆጥር አገኘችኝ፤ 60 ናቸው፣ ግማሾቹ ጠርዛቸው የተነካካ። «ለብቻሽ ነው የምትኖሪው፤ 60 ሰሃን?» ከማለቴ እንግዳ ይገባ ጀመር። ከባንጃ የመጣ፣ ከአንከሻ የመጣ፣ ከዚገም የመጣ፣ የማን ዘመድ እንደሆነ ማንም ያልጠየቀው። ሰሃኑ አለቀና እኔ በጣሳ ክዳን በላሁ።

«ይሄን የአንድ ቤት ዕቃ አድርገህ ነው የቆጠርከው» አለችኝ እቴቴ፣ ወጥ እየጨመረችልኝ። «እኛኮ ሰባት ቤት ነን!»

አገውን ሰባት ቤት አድርጎ የሚቆጥረውን፣ «ሰባት ቤት አገው» የሚባለውን ታሪክ በሰሃን ያስረዳኝ ሰው የለም፤ ከእሷ በቀር።

በማግስቱ ዳንግላ ወረድኩ፣ የእናቴ ወንድም ጋ። መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ብርዱም እዚያ ትንሽ ይላላል። አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸው ዘንድ ኮተቱ ወረቀት ነው፦ የተማሪ ውጤት መዝገብ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ (ከተጋቢዎቹ ግማሾቹ ተፋተዋል)፣ እስከ ጣሪያ የተቆለለ ጋዜጣ። ከሁሉም በላይ በዳንቴል የተሸፈነ ትልቅ ሬዲዮ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሬዲዮ ይሠራል?»

«አይሠራም።»

«ስንት ዓመቱ?»

«15 ይሆነዋል።»

«ታዲያ የማይሠራ ሬዲዮ ምን ያደርጋል?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔም ጡረታ ከወጣሁ 15 ዓመቴ ነው፤ አልሠራም። ሚስቴ እስካሁን አልጣለችኝም። አንተ ዛሬ ከመጣህ ግን እፈራለሁ።»

ከውስጥ የባለቤታቸው ድምፅ መጣ፦ «ማን አወቀ! ልጁ ገና አልሄደም እኮ!»

ጋዜጦቹን ሞከርኩ። አሮጌ ዜና ለማንም አይጠቅምም አልኳቸው። ከክምሩ መሐል አንዱን መዘው፣ ቢጫ የሆነውን ገጽ ገልጠው ጮክ ብለው አነበቡ፤ የከተማው የውኃ ችግር በቅርቡ እንደሚፈታ የሚናገር ዜና ነው። «ይሄ አሮጌ ነው?» አሉኝ። «ቀኑን ብቻ ቀይረው። ዛሬ ማታ ይነበባል።»

ከዚያ ታሪክ ውስጥ ገቡብኝ። ዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ የነበረባት ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሜጀር ቺዝማን የሚባል ቆንስል እዚህ ተቀምጦ አባይንና ጣናን እየዞረ ሲለካ፣ ካርታ ሲያነሳ፣ ወፍ ሳይቀር ሲመዘግብ ኖሯል። በ1936 ሁሉንም መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። «ምን ጣለ? ምንም አልጣለም። ያየውን ወፍ ሁሉ ሰብስቦ ሄደ። ፈረንጅ ዳንግላ መጥቶ ሲሰበስብ ‹ጥናት› ነው። እኔ ተወልጄ ባደግሁበት ስሰበስብ ‹ኮተት›!»

መልስ ነበረኝ ብል ውሸት ነው። ሻይ ጠጣሁ።

አሁን እዚህ ላይ ተረቡን ለአፍታ አቁሜ የረታሁባቸውን ነገሮች ልናገር፤ ሦስት ናቸው፣ ጥቂት ቢሆኑም የእኔ ናቸው። እንጅባራ ስመለስ እቴቴ ጓዳ ውስጥ አንድ የፀረ አረም ጀሪካን አገኘሁ፤ አጥባ፣ አድርቃ፣ የውኃ መቅጃ ልታደርገው ያስቀመጠችው። እዚህ ላይ አልሳቅኩም። የፀረ አረምና የፀረ ተባይ ዕቃ በእንዶድም ታጠበ በሳሙና መርዙ ፕላስቲኩ ውስጥ ይቀራል፤ ውኃም ሆነ ዘይት፣ ምንም የሚበላ የሚጠጣ ነገር አይያዝበትም። ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበትም ተበስቶ፣ ከውኃ ርቆ ነው የሚወገደው። ሁለተኛው፣ ትራስጌ ያለው የመድኃኒት ፌስታል ነው፦ ተጀምሮ የተተወ አሞክሳሲሊን፣ ቀኑ ያለፈበት ሽሮፕ፣ ቁስል ላይ ለመነስነስ የሚቀመጥ ቀይና ቢጫ ቴትራሳይክሊን። ለሰው ሕመም የታዘዘን ለሌላ ሰው ሕመም ማቆየት ቁጠባ አይደለም። ሦስተኛው፣ ፀሐይ ላይ የተሰጣ የባትሪ ድንጋይ። ፀሐይ ሲመታው ነፍስ ይዘራል ተብሎ መስኮት ላይ የተደረደረ፤ ሁለቱ አፍልቀው ዝገታቸው እንጨቱ ላይ ወርዷል። ሕፃን እጅ ቢገባስ?

እቴቴ ይህን ስናገር ዝም ብላ ሰማችኝ። ጀሪካኑን በራሷ እጅ አንስታ በቢላ ሦስት ቦታ በሳችው። ከዚያ፣ «ሦስት ቀን ሙሉ ስትለፈልፍ አንድ ቁም ነገር ወጣህ» አለች። «ከዚህ መጀመር አትችልም ነበር? ከድስቴ ጋር ምን አጣላህ!»

እውነት ነው። ከድስቱ ጋር ያጣላኝ ቪዲዮው ነው። ነጭ የለበሰችው ሴት የምትጥለውን ነገ ጠዋት ወርዳ ትገዛዋለች፤ ሱቁ ከታች ነው፣ ደመወዟም ያደርሳታል። ጣሉ የሚለው ትምህርት ከመጋዘን አጠገብ ለሚኖር ሰው የተጻፈ ነው። እቴቴ መጋዘኑ ራሷ ናት። የሰፈሩ ድግስ፣ የሰፈሩ ለቅሶ፣ የሰፈሩ ፈረሰኛ ከእሷ ይዋሳል። የእኔን ቤት ደግሞ እወቁት፦ አዲስ አበባ ያለው መሳቢያዬ ውስጥ 11 ቻርጀር አለ፣ ዘጠኙ የየትኛው ስልክ እንደሆኑ አላውቅም። ስልኬ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ፎቶ አለ፤ በዓሉ ላይ ፈረስ ላነሳ ስል «ቦታ የለም» አለኝ። እቴቴ በትከሻዬ በኩል አየችውና፣ «የአንተ ሞልቷል፤ የእኔ ቤት ግን እንግዳ ሲመጣ ቦታ አለው» ብላኝ ነበር። ያን አልጻፍኩትም ነበር፤ ይኸው ጻፍኩት።

የእቴቴን ባል፣ የሟቹን ጋሼን ካፖርት ያነሳሁት በመጨረሻው ማታ ነው፤ ለመጣል አይደለም፣ ስለበረደኝ ልለብሰው። እንጅባራ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣል፤ ማታ ላይ ሰው ፍልስፍናውን ትቶ ካፖርት ይፈልጋል። እጄን ኪሱ ስከት ወረቀት ነካሁ። ሦስት የመቶ ብር ኖት፣ የድሮው። በመስከረም 2013 ብሩ ሲቀየር ሦስት ወር ተሰጥቶ ነበር፤ ያኔ ይህን ኪስ ያየ ሰው የለም።

«እቴቴ» አልኳት፣ ብሩን እያሳየኋት፣ «ይሄንስ?»

ተቀብላ በመብራቱ አየችው። «ይሄንማ መንግሥት ጥሎልኛል!» አለች። ከዚያ አጠፈችውና ወደ ኪሱ መለሰችው። ካፖርቱን ለብሼው አደርኩ።

ጠዋት ሻንጣዬን ሳስር ጂንሴ የለም። ጉልበቱ ላይ የተቀደደው፤ ፋሽኑ እንደዚያ ስለሆነ ተቀዶ የተሸጠልኝ፣ ለቀዳዳውም ጭምር የከፈልኩበት። ገመድ ላይ አየሁ፣ የለም። አልጋ ስር አየሁ፣ ማዳበሪያው ብቻ ነው።

«እቴቴ፣ ሱሪዬን አይተሻል?»

«ያን ቡትቶ? ልሰፋልህ ነበር፤ ግን አራት ቦታ ተቀዷል። ልዋጭ በደጅ ሲያልፍ ሰጠሁት።»

«ልዋጭ?!»

«‹ጣይ፣ ጣይ› ስትለኝ አልነበር የሰነበትከው? ጣልኩልህ።» ከመደርደሪያው ላይ ባለክዳን ሰማያዊ ጆግ አወረደችና እጄ ላይ አስቀመጠችው። «በእሱ ይሄን አመጣሁ። እስቲ ጠበቅ አድርገህ ያዘው። ደስታ ይሰጥሃል?»

ጎረቤቶቹ ለቡና እየገቡ ነበር። ያቺ የአዊኛዋ ሴትዮ ጆጉን አይታ፣ እኔን አይታ፣ የሆነ ነገር አለች። አሁንም ትርጉም ጠየቅኩ። አሁንም «ብርድ ነው አለች» ተባልኩ።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚሉት ለእኔ ነው። ከእንጅባራ ስመለስ በጠቅላላው ያስጣልኩት አንድ ጀሪካን፣ አንድ ፌስታል መድኃኒት፣ ስድስት የባትሪ ድንጋይና የራሴን ሱሪ ነው። ይዤ የመጣሁት ግን በዱቄት ወተት ጣሳ ቅቤ፣ በሃይላንድ ጠበል፣ በሌላ ሃይላንድ አረቄ (ጠበሉና አረቄው እንዳይቀያየሩ አንዱ ላይ ክር ታስሯል፤ የትኛው ላይ እንደሆነ ረስቼዋለሁ)፣ እና አንድ ማዳበሪያ የባንጃ ድንች ነው። መናኸሪያው ላይ ረዳቱ ጭነቴን አይቶ «ቤት እየቀየርክ ነው?» አለኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። እቴቴ ናት። በሰላም ገባህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ ብርዱስ የሚል ጠበቅኩ።

«ድንቹ አለቀ?»

«ኧረ ገና ነው እቴቴ።»

«ሲያልቅ ማዳበሪያውን ላክ።»

እናንተም ከአዊ ድንች ተልኮላችሁ፣ ከፋግታ ከሰል ገዝታችሁ ጆንያውን በረንዳ ላይ የጣላችሁ ሁሉ፣ እባካችሁ አራግፋችሁ አጣጥፋችሁ በሚሄድ ሰው እጅ መልሱላት። አልጋው ስር አሁን ያለው 22 ብቻ ነው፤ ቆጥራዋለች።